«ስኳሯ ከ210 ወደ 11 ወረደላት»፦ ስለ መርፌ፣ ጸበልና ጾም ለቀረበ ጥያቄ የሐኪም ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 12 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን ትውጣለች፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። የግፊት ኪኒንም አላት። ባለፈው ወር ጸበል ገብታ ሁለት ሱባኤ ቆየች። እዚያ የነበሩ ሰዎች ‹መድኃኒትና ጸበል አይቀላቀልም› ስላሏት መርፌውን አቆመች። ከመሄዷ በፊት ስኳሯ 210 ነበር። ስትመለስ የድሮው ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር ወንድሜ ከስዊድን በላከው አዲስ ማሽን ለካናት፤ 11.6 አለ። ‹ተፈወስኩ› ብላ እልልታ ላይ ናት። ዐቢይ ጾምን በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም፣ መጨረሻ ላይም ልታከፍል ተስላለች። ግን ሌሊት ለሽንት አምስት ጊዜ ትነሳለች፤ እግሯንም ይደነዝዛታል። ጸበል ከመሄዷ በፊት ‹ሸክም ሆንኩባችሁ› እያለች ታለቅስ ነበር። አሁንም ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች። እውነት ድናለች? ብትጾምስ? እምነቷን ሳልነካ እንዴት ላናግራት?»

ከማሽኑ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። 210 እና 11.6 አንድ ቁጥር ናቸው።

የደም ስኳር በሁለት ዓይነት መስፈሪያ ይለካል። እኛ አገር የለመድነው በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ስኳር እንዳለ የሚነግረንን ነው። አሜሪካኖችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ስዊድንና ሌሎች ብዙ አገሮች ግን ሚሊሞል በሊትር በሚባለው ይለካሉ። የእነሱን ወደ እኛ ለማምጣት በ18 ማባዛት ነው። 11.6 በ18 ሲባዛ 209 ገደማ ይመጣል። እናትሽ ከቤት የወጡት በ210 ነው፤ የተመለሱትም በ209። እውነት 11 ደርሰው ቢሆን ኖሮ እልል የሚሉበት አንደበት አይኖራቸውም ነበር፤ ራሳቸውን ስተው ሐኪም ቤት ነበር የምታገኚያቸው። በእኛ አቆጣጠር ከ70 በታች ሲሆን ነው «ስኳር ወረደ» የምንለው። በአዲሱ ማሽን ደግሞ ይህ 3.9 ነው።

በዚህ አታፍሪ፣ የእናንተ ቤት ስህተት ብቻ አይደለም። ከውጭ የመጣ ማሽን ይዘው ክትትል የሚመጡ ታካሚዎች ሲደነግጡም ሲደሰቱም አይቻለሁ። አንዷ እንዲያውም 8 አየሁ ብላ ማታ አንድ ብርጭቆ ማር ጠጥታ ነበር።

ሌሊቱን በሽንት መመላለሳቸው ማሽኑ ያልነገራችሁን ይነግራችኋል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር 180 አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት ይዞ ማስቀረት ያቅተዋል። ስኳሩ ወደ ሽንት ሲፈስ ውሃም ይዞ ይወጣል። እንቅልፍ ያሳጣቸው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ስለዚህ አልዳኑም። ግን «ጸበሉ ምንም አልሠራም» ብለሽ እንድትነግሪያቸውም አልፈልግም፤ የሆነውን በትክክል ማየት ይሻላል።

መርፌው ቆሞ ስኳሩ 400 ለምን አልገባም? ጸበል ቦታ ሰው ጥቂት ይበላል፣ ዳገት ይወጣል፣ ቅዳሴ ቆሞ ያስቀድሳል፣ ከቤት ጣጣ ያርፋል። ሜትፎርሚኑንም አላቋረጡም፤ መርፌውን ብቻ ነው የተዉት። የእናትሽ ስኳር ሁለተኛው ዓይነት ነው ብዬ እገምታለሁ፤ በ49 ዓመት ጀምሮ ለዓመታት በኪኒን የቆየ ነውና። በዚህ ዓይነት ስኳር ቆሽት ጨርሶ አይደርቅም፤ ደካማ ቢሆንም ትንሽ ኢንሱሊን ያመነጫል። ትንሽ ምግብና ብዙ እንቅስቃሴ ሲገጥመው ለጊዜው ይቋቋማል። ቤት ገብተው እንደ ወትሮው መብላት ሲጀምሩ ያ ድጋፍ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ልናገር። አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው፣ ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምረው ማለቴ ነው፣ ቆሽቱ ኢንሱሊን አያመነጭም ማለት ይቻላል። እሱ መርፌውን ካቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ይሆናል፤ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይሞታል። «እገሌ መርፌ አቁሞ ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ ሰው የሚገድለው ይህን ልዩነት ስለማያውቅ ነው። እገሌና የጎረቤት ልጅ የያዛቸው በሽታ ስሙ እንጂ ጠባዩ አንድ አይደለም።

የአንድ ጠዋት ቁጥር፣ ትክክለኛም ቢሆን፣ ስለ መዳን አይናገርም። የዚያን ሰዓት ብቻ ነው የሚናገረው። ለዚህ የሚሆነው «የሦስት ወር ስኳር» የምንለው ምርመራ ነው፤ ስኳር ቀይ የደም ሴል ላይ ምን ያህል እንደተለጠፈ ያሳያል። ሴሉ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ስለሆነ ያለፉትን ወራት አማካይ ይነግረናል። እናትሽ በጸሎት ድኛለሁ ካሉ በዚህ ምርመራ ለማየት መፍራት የለባቸውም። ጌታ ለምጻሞቹን «ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ብሏቸው አልነበር?

አሁን ምን ይደረግ? ነገ ጠዋት ወደሚከታተሉበት ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ሳምንት አትጠብቂ። መርፌው መመለስ አለበት፤ በዚህ ላይ አላመነታም። ነገር ግን ዛሬ ማታ ራስሽ የድሮውን መጠን ሙሉውን እንዳትወጊያቸው። ጸበል ቦታ ትንሽ መብላት ከለመዱና አሁንም ምግባቸው ከቀነሰ የድሮው መጠን ሊበዛባቸው ይችላል። ስንት ዩኒት ይጀመር የሚለውን ያያቸው ሐኪም ይወስን። እዚያው የሦስት ወር ስኳር፣ የኩላሊት ምርመራ፣ የሽንት ፕሮቲን፣ የዓይንና የእግር ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ጠይቂ። እግር ከደነዘዘ ነርቭ ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እግር የተነካ ሰው ዓይኑና ኩላሊቱም መታየት አለበት።

ነገን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ነገሮች አሉ። ደጋግሞ ማስመለስ፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ መፍዘዝ ወይም ንግግር መዘባረቅ፣ በአዲሱ ማሽን ከ16.7 በላይ ሆኖ አልወርድ ማለት። ይህ በእኛ 300 ነው። ማሽኑ በቁጥር ፋንታ «ሃይ» ብሎ ከጻፈም ሰላምታ አይደለም፤ መለካት ከምችለው በላይ ነው ማለቱ ነው።

«ኢንሱሊን ከተጀመረ መውጫ የለውም፣ ሱስ ያስይዛል» የሚለውንም እናትሽ ሳይሰሙት አይቀሩም። ኢንሱሊን የሰውነት የራሱ ቅመም ነው። ሱስ የለውም። ሰዎች መርፌ ከጀመሩ በኋላ ዓይናቸው ሲጠፋ ወይም እግራቸው ሲቆረጥ ታይቶ ጥፋቱ በመርፌው ይላከካል፤ እውነቱ ግን መርፌው የመጣው ዘግይቶ መሆኑ ነው።

ወደ ጾሙ እንምጣ። ጾማችን ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ የምግቡ ዓይነትና ሰዓቱ። የምግቡ ዓይነት ለስኳር ሕመምተኛ ጠላት አይደለም። ሥጋና ቅቤ መተው አይጎዳም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ ጥሩ ምግብ ነው። ችግር የሚመጣው የጾም ምግብ «ስኳር የለውም» ተብሎ ሲታሰብ ነው። እንጀራ፣ ጤፍም ቢሆን፣ ስኳር ይሆናል። ድንች፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ በሶም እንደዚያው። ተልባና ሱፍ በማር ከተበጠበጡ ማሩ ነው ሥራውን የሚሠራው። አንድ ሙሉ እንጀራ ይበሉ የነበረ ከሆነ ወደ ግማሽ አውርዱት፤ ወጡንና ጎመኑን አብዙት። ከበሉ ሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ። የትኛው ምግብ እንደሚያሻቅብባቸው የራሳቸው ማሽን ከእኔ የተሻለ ይነግራችኋል።

ሰዓቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደመናማው ኢንሱሊን፣ ጠዋትና ማታ የሚወጉት እሱ ከሆነ፣ ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጉ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተወጉ እንበል። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት 11 ሰዓት መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ ያለውን ስኳር ይጎትታል። ሆዳቸው ባዶ ነው። ቅዳሴ ቆመዋል። ስግደት አለ። ልክ የመብሊያ ሰዓታቸው ሲቃረብ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ዓይናቸው ይጨልማል። አጠገባቸው ያለው ሰው «መንፈስ ነው» ሊል ይችላል፤ ይህ ሲባል ሰምቻለሁ። መንፈስ አይደለም፣ ስኳር ነው። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልጋቸው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ነው፤ ዳይት ያልሆነውን። ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተነሳ መድገም፣ ከዚያ ምግብ መብላት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አይጨመር፤ ትን ይላቸዋል። ወደ ሐኪም ቤት ብቻ።

«እንግዲያው መርፌውን ትቼ ልጹም» ማለትም መፍትሔ አይሆንም። ውሃ ሳይጠጡ ውለው ስኳሩ ከፍ ካለ ሰውነት ይደርቃል። አንዳንድ የግፊት ኪኒኖች ከውሃ እጥረት ጋር ሲገናኙ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ከቀኑ ባዶ ሆድ ቀጥሎም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት እንጀራ ይመጣል። አንድ ቀን ውስጥ ከገደል ወደ ተራራ ነው።

አንዳንድ ሕመምተኛ በሐኪም ክትትል የተወሰኑ ሰዓታት መጾም ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ፣ ስኳሩ የተስተካከለ፣ ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ስኳሩ የመውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው ግን መጠንቀቅ አለበት፤ ኪኒን ቢሆንም ስኳር ክፉኛ ያወርዳል። ለሙስሊም አንባቢዎቼም ረመዳን ሲመጣ ሒሳቡ ያው ነው። እናትሽ ግን በዚህ ዓመት ከእነዚህ ውስጥ አይደሉም። መርፌ ላይ ናቸው፣ ስኳራቸው አልተያዘም፣ እግራቸው ደንዝዟል። የእኔ ምክር፦ የጾም ምግብ ይብሉ፣ ሰዓት አይጹሙ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት በሰዓቱ። ማክፈሉ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ከሐሙስ ወይም ከዓርብ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምግብም ውሃም ሳይቀምሱ፣ በዚያ ላይ የስቅለት ስግደት፣ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ሞት ሊያመጣ የሚችል ነገር ነው። ስግደቱንም የዓይን ሐኪም ሳያያቸው አያብዙ፤ ስኳር ዓይን ውስጥ ስስ ደም ሥሮች አብቅሎ ከሆነ ደጋግሞ ማጎንበስና መወጠር ደም ሊያፈሰው ይችላል።

ይህ ከቤተ ክርስቲያን ጋር መጣላት አይደለም። ፍትሐ ነገሥቱ ራሱ ለታመመ ሰው ጾሙን ያቀልለታል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም እግዚአብሔር ከምድር ፈጠረ ይላል። «ጸበልና መድኃኒት አይቀላቀልም» የሚለውንም በኤችአይቪ ዘመን በብዙ ሕይወት ከፍለንበታል። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለኤችአይቪ የሠራ ነገር ለስኳር የማይሠራበት ምክንያት የለም።

እኔም ጸበል የምጠመቅ ሰው ነኝ። ደግሞም ጥፋቱ የእኛ የሐኪሞቹም ነው። ታካሚ «ጸበል ልሄድ ነው» ሲል ፊታችንን እናጠቁራለን። ከዚያ በኋላ አይነግረንም። ሲነግረን ግን እንዲህ ማለት እንችል ነበር፦ የተከፈተው የኢንሱሊን ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ ሙቀት ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ፍሪጅ የለም ብለህ አትተወው። ሞቃት ቦታ ከሆነ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርገህ ሸክላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፤ ፀሐይ አይንካው። ጠዋት ስትወጋ ቁርስህን አዘጋጅ። ኪስህ ውስጥ ስኳር ይኑር። ጎንህ ለሚተኛው ሰው ሕመምህን ንገረው።

ለእናትሽ በተለይ የምጨምረው እግራቸውን ነው። የደነዘዘ እግር ጠጠር ቢወጋው አያውቅም። እንደ ወግ ጫማ ይወለቃል፤ እስከ ማጥመቂያው አፋፍ ድረስ ግን በጫማ ይሂዱ፣ ሲወጡ የጣቶቻቸውን መሐል አድርቀው ወዲያው ይጫሙ። ማታ ማታ አንቺ በባትሪ እግራቸውን ከታች እይው። እግር ማየት ለልጅ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ እናትሽንም ያስደስታቸዋል። ቁስል ካየሽ ቅባትና እምነት (ከጸበል ቦታ የሚመጣውን አፈር) ቀብተሽ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ይታይ።

አሁን ወደ ለቅሶው። ጥያቄሽን ሳነብ ከስኳሩ እኩል ያሳሰበኝ ይህ ነው። 12 ዓመት ሙሉ በየቀኑ መለካት፣ መወጋት፣ «አትብዪ» መባል ሰውን ያደክማል። ይህ ድካም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ መርፌ እንዲያቆሙም ያደርጋል። እናትሽ መርፌውን የተዉት ስላመኑ ብቻ ነው ብዬ አላስብም። ስለሰለቻቸውም ይመስለኛል። «ተወው» የሚል ሰው ሲያገኙ ዕረፍት ሆነላቸው። ስኳር ያለበት ሰው በድባቴ የመያዝ ዕድሉም ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው። ድባቴ ደግሞ መድኃኒት ያስረሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ስኳሩን ያበላሻል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ልባቸው አዝኖ፣ ተስፋ ቆርጠው ነበር ወይ? ድሮ ደስ ይላቸው የነበረው ነገር፣ ቡናው፣ ማኅበሩ፣ የልጅ ልጁ፣ አሁን አላስደስት ብሏቸዋል ወይ? ለአንዱም ቢሆን «አዎ» ካሉ ይህንንም ነገ ለሐኪሙ ንገሪ። ይታከማል። ንግግሩም ኪኒኑም ይረዳል። «እግዜር በወሰደኝ» የሚለው ቃል በእናቶቻችን አፍ የተለመደ ስለሆነ እንሰማውና እናልፈዋለን። አትለፊው። «እማዬ፣ ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባቸውም። አዎ ካሉ ኢንሱሊኑም ኪኒኑም ከእጃቸው ይራቅ፣ ብቻቸውን አይተዉ፣ ሐኪም ቤት ዛሬውኑ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ፖሊስ አታብዙባቸው። ልጅም፣ ዘመድም፣ ጎረቤትም ሳህናቸው ላይ ሲያፈጥ ሰው ተደብቆ መብላት ይጀምራል። ስለ ስኳሩ የሚጠይቃቸው አንድ ሰው ይሁን፤ አንቺ ሁኚ። የተቀረው ቤተሰብ ስለ ሌላ ነገር ያዋራቸው። የእሳቸው ምግብ ለብቻ አይሠራ፤ ሁላችሁም እሱን ብሉ፣ ለእናንተም ጥሩ ነው። «በኃጢአቴ ነው የታመምኩት» ካሉ ክርክር አትግጠሚ። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸውን መልስ ከእኔና ከአንቺ ይልቅ ንስሐ አባታቸው ቢያስታውሷቸው ይሰማሉ።

ስለዚህ ስለ ቁጥሩ መጀመሪያ አንቺ አትንገሪያቸው። «አልዳንሽም» የሚል ቃል ከልጅ አፍ ሲወጣ ይሰብራል። ሐኪም ፊት በሐኪም ቤቱ ማሽን ይለኩ፤ የስዊድኑንም ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን ይታይ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ «በ18 ይባዛ» ብለሽ ጻፊበት። ወንድምሽ ስትሪፕ፣ ደሙ የሚነካበትን የማሽኑን መለኪያ፣ በየጊዜው መላክ ካልቻለ ግን እዚሁ ስትሪፑ የሚገኝ ማሽን ግዙ።

ቀጥሎ ንስሐ አባታቸው ጋ አብረሽ ሂጂ፤ ስለቱን ሊያቀልሉት የሚችሉት እሳቸው ናቸው። እኔ እንዲህ ዓይነት ታካሚ ሲገጥመኝ ለንስሐ አባት የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት እጽፋለሁ። መርፌው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ስንት ሰዓት መብላት ግዴታ እንደሆነ፣ ማክፈል ለምን እንደማይቻል። ሐኪማችሁን ይህን ወረቀት ጠይቁት። ካህኑ ወረቀቱን አይተው በሰዓት ጾም ፋንታ ሌላ ቀኖና ይሰጧቸዋል፤ መዝሙረ ዳዊት፣ ምጽዋት፣ የታመመ መጠየቅ። አንዲት ታካሚዬ የተሰጣት ቀኖና በየሳምንቱ ሌላ ስኳር ያለባትን ሴት ቤቷ ሄዳ እንድታይ ነበር። አሁን ክትትል የሚመጡት ሁለቱም አብረው ነው።